“ድጋፍ ሰጪ” ተብለን ከአበሉ ለቀረነው የጣቢያ ጸሐፊዎች መልስ ይሰጠን

ለምንሠራበት የባቡር ድርጅት የሥራ አመራር ቦርድ
ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ
ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ፣ ለመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችን

ጉዳዩ፦ የጣቢያ፣ የቲኬትና የጭነት ሰነድ የጽሕፈት ሠራተኞችን ደመወዝ፣ አበልና የሥራ ሁኔታ ይመለከታል

ክቡራን የቦርድ አባላት፣ ክቡር ሥራ አስፈፃሚ፤

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የወሰንነው በየጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የአበል ማስተካከያ ካነበብን በኋላ ነው። ማስተካከያው የበረሃ አበልን፣ የፈረቃ አበልንና የትራንስፖርት ድጎማን ከፍ አድርጓል። ጥሩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች። ማስተካከያው በቀጥታ በኦፕሬሽን ሥራ ላይ ያሉትን እንጂ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችን አይመለከትም ትላለች። በዚህች መስመር ቲኬት ሻጩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የጭነት ሰነድ ሠራተኛው፣ ሰዓት ተቆጣጣሪው፣ መዝገብ ቤቱና የጣቢያው ጸሐፊ ባንድ ጊዜ ከአበሉ ውጭ ሆነናል።

በቃል ጠይቀናል። በማመልከቻም ጠይቀናል። የጣቢያ ኃላፊዎቻችን የሚሰጡን መልስ “ከላይ የመጣ ነው” የሚል ነው። ከላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለእናንተው ጻፍን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ለባቡር ነጂዎቹ፣ ለትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ለሐዲድና ለፉርጎ ጥገና ባለሙያዎቹ የተጨመረው ይገባቸዋል። ሲያንሳቸው ነው። የእነሱን ሥራ አጠገባቸው ቆመን ስለምናየው እናውቀዋለን። ማንም ይህን ደብዳቤ ይዞ ነጂና ጸሐፊ ተጣሉ እንዳይል። ጥያቄያችን ከእነሱ ተቀንሶ ይሰጠን አይደለም። አበሉ በሥራ መደብ ስም ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት ቦታና ሰዓት ይታይ ነው የምንለው።

መሥሪያ ቤቱ ስለ እኛ ያለው ግምት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ይመስላል። እስኪ የጭነት ሰነድ ሠራተኛውን ሥራ በዝርዝር እንየው።

የጭነት ባቡር ሌሊት ጣቢያ ሲገባ ይህ ሰው ቢሮ ተቀምጦ አይጠብቀውም። የእጅ ባትሪውን ይዞ ይወርዳል። ጠጠሩ ላይ እየተንገዳገደ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል። የእያንዳንዱን ኮንቴይነር ቁጥር ያነብባል። አራት ፊደል፣ ሰባት አኃዝ። ከሰባቱ የመጨረሻዋ አኃዝ የፊተኞቹን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ናት። ቀለሙ የለቀቀ፣ አቧራ የሸፈነው፣ ብረቱ የተላጠ ቁጥር ሲያጋጥመው በእጁ ጠርጎ ነው የሚያነብበው። የጉምሩክ እሽጉ ያልተነካ መሆኑን ያያል፤ የእሽጉን ቁጥር ይመዘግባል። ከዚያ ቢሮ ተመልሶ ከጭነት ዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። አንድ ቁጥር ካልገጠመ እንደገና ወርዶ ያንኑ ፉርጎ ይፈልጋል። ሁሉም ሲገጥም ሰነዱ ይፈረማል፤ ጭነቱም መንገዱን ይቀጥላል። ካልተፈረመ የማዳበሪያ፣ የስንዴ ወይም የቡና ጭነት እዚያው ቆሞ ያድራል። ለቆመበት ደግሞ የሚጠየቀው ድርጅታችን ነው።

በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መስመር ላይ የፉርጎ መርማሪ ቴክኒሺያኑም አለ። እሱም ባትሪ ይዟል። እሱም ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል። እሱ ፍሬኑን፣ የእኛው ሰው ቁጥሩን ያያል። ሁለቱም የሚረግጡት አንድ ጠጠር ነው፤ የሚፈሩትም አንድ ጊንጥ ነው። ቴክኒሺያኑ የበረሃም የፈረቃም አበል አለው። የሰነድ ሠራተኛው ድጋፍ ሰጪ ስለሆነ የለውም። በረሃው ማን ድጋፍ ሰጪ፣ ማን ዋና እንደሆነ ለይቶ አያቃጥልም።

ወደ ደመወዙ እንምጣ።

ለስሌት እንዲመች 9,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ እንውሰድ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። በቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ በቀጣዩ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ በቀረው 2,000 ላይ 25 በመቶ ይታሰባል። ሲደመር ግብሩ 1,400 ብር ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 630 ብር ይነሳል። እጁ የሚገባው 6,970 ብር ነው። ከዚህ ላይ የማኅበር መዋጮ፣ ብድርና ቁጠባ፣ ዕድር አለ። ከዚያ የቤት ኪራይ። ከዚያ የልጅ ትምህርት ቤት። ከኪራዩ በኋላ ያለውን ስሌት ለእናንተው እንተወዋለን።

የግብር ነፃው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ጥቂት አቃልሎልናል፤ አንክድም። ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የባጃጁ መለዋወጫም የሄደበትን መንገድ ሁላችንም አይተናል። መንግሥት ለሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞች በ2017 ዓ.ም. ደመወዝ ጨመረ። በ2018 መግቢያ ላይ ደግሞ ዝቅተኛውን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አደረገ። እኛን ይህ አልነካንም። የምንተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለሆነ የሲቪል ሰርቪሱ ስኬል አይመለከታችሁም ተባልን። ሕጉ እንደዚያ ከሆነ ይሁን። ግን አከራዮቻችን “ደመወዝ ተጨመረ” የሚለውን ዜና እኩል ነው የሰሙት። የሲቪል ሰርቪስ ተከራይና የባቡር ተከራይ ብለው ኪራይ ለሁለት አይከፍሉም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ፣ ኢሠማኮ፣ ይህን ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። የአገሩን ወለል እናንተ አትወስኑም፤ እናውቃለን። የድርጅቱን ስኬል ግን እናንተ ናችሁ የምታጸድቁት።

በአዋጁ የምትተዳደሩት ካላችሁን ደግሞ አዋጁን እስከ መጨረሻው አብረን እናንብበው።

አንቀጽ 68 ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75። በሳምንት እረፍት ቀን በ2። በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። እኛ ጋ የሚሆነው ሌላ ነው። የፈረቃ ሰሌዳው ላይ ስምንት ሰዓት ተጽፏል። ባቡሩ ግን ሰሌዳ አያውቅም። መስመር ላይ ግመል ሲገባ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ ጎርፍ ሐዲዱን ሲሸረሽር ይዘገያል። ባቡሩ ሲዘገይ ቲኬት ሻጩ መስኮቱን ዘግቶ አይወጣም። ተረካቢው በሰርቪስ የሚመጣ ከሆነ ሰርቪሱም የሚነሳው ባቡሩ ሲቃረብ ነው። ርክክብ የሌለበት ሰዓት ሁሉ በእኛ ላይ ያልፋል።

ይህን ትርፍ ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባችን በመዝገብ እየጻፈች፣ በተረኛው ኃላፊ እያስፈረመች ይዛ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ለፔሮል አቀረበች። ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ “በጀት የለም፤ በማካካሻ እረፍት ይታይ” ተብሎ ተመለሰላት። ማካካሻውን ስትጠይቅ ደግሞ “ምትክ ሰው የለም” ተባለች። በበጀት የለም እና በሰው የለም መካከል ትርፍ ሰዓቷ ጠፍቶ ቀረ። አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ያስቀመጠው ክፍያ ነው።

ገንዘቡ የት ይደርሳል ብላችሁ እንደሆነ፣ ያንኑ 9,000 ብር እናስላው። በወር 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 43 ብር ከ27 ሳንቲም ነው። ሌሊት አራት ሰዓት ያመሸ ሰው በ1.75 ተባዝቶ 303 ብር ገደማ ያገኛል። ለድርጅቱ በጀት ይህ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን የሁለት ቀን የቤት ወጪ ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። የእኛ ሲመዘገብ ስንት እንደሚሆን ለማየት የመግቢያና መውጫ ፊርማውን መክፈት ይበቃል። መዝገቡ በየጣቢያው አለ።

በዓልማ አይነሳ። ፋሲካ ሲደርስ ተሳፋሪው ይበዛል። እኛም ፋሲካን የምንፈስከው በቲኬት መስኮት ውስጥ ሆነን ነው። የሙስሊም ባልደረቦቻችንም የኢድ ዕለት እንደዚያው። የበዓል ቀን ክፍያ የሚመጣበት ወር አለ፤ የሚዘለልበትም ወር አለ። በምን እንደሚለያይ እስካሁን አልገባንም።

ስለ ካዝና ጉድለት ትንሽ ሰፋ አድርገን መጻፍ ግድ ይለናል። ብዙ እንባ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቲኬት ሻጭ በሚበዛበት ቀን ከሰው እጅ ብር ይቀበላል፣ መልስ ይመልሳል፣ መታወቂያ ያያል፣ ስም ይጽፋል፣ ወንበር ይመድባል። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰው ሕፃን አዝሏል፤ ከኋላው ያለው ይጮሃል። ባቡሩ ከዘገየ ስድቡ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የዘገየበትን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከተሳፋሪው ጋር እኩል ነው የሚሰማው። በዚህ መሐል አንድ የተቀደደ ወይም ፎርጅድ ኖት ይገባል። ማታ ሲቆጠር ይጎድላል። ከኪሱ ይሞላል።

አሁን ደግሞ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር መጣ። መልካም ነው፤ ጥሬ ብር ቀንሶልናል። ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ተሳፋሪው “ተልኳል” የሚል መልእክት ያሳያል፤ በእኛ በኩል ግን ገና አልገባም። ባቡሩ ሊነሳ ነው። ቲኬቱን ባትሰጠው ይሳደባል፤ ለኃላፊም ይከስሃል። ብትሰጠውና ገንዘቡ ባይገባ ደግሞ ጉድለቱ ያንተ ነው። ምን ማድረግ እንዳለብን የሚገልጽ የጽሑፍ መመሪያ አልደረሰንም። አንዱ የጣቢያ ኃላፊ ስጡ ይላል፤ ሌላው አትስጡ ይላል።

ባንድ ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባችን በእንዲህ ያለ ጉድለት ከአንድ ወር ደመወዙ ከግማሽ በላይ ተቆርጦበታል። አዋጁ ከሠራተኛ ደመወዝ ባንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚያ ላይ መቆረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ባልደረባችን የፈረመው ነገር የለም። ያወቀውም ባንክ ሄዶ ሂሳቡን ሲያይ ነው። ያን ወር ልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ባለመክፈሉ ከክፍል እንዲወጣ ተደርጓል። የገንዘብ ያዥ መጠባበቂያ አበል በሌሎች ድርጅቶች የተለመደ ነገር ነው። እኛ ጋ ለዋናው ገንዘብ ያዥ እንጂ ለቲኬት ሻጭ የለም። ብሩን የሚነካው ግን ሻጩ ነው።

የዕለቱን ሽያጭ ባንክ ማስገባትም የሻጯ ሥራ ነው። ጥበቃም መኪናም አይመደብላትም። ገንዘቡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋ ባጃጅ ትይዛለች። ይህን በአደባባይ መጻፍ ራሱ ያስፈራል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ የማንጽፈውም ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ቢደርስባት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ግን ከአሁኑ ማወቅ እንፈልጋለን።

ሌላ ጉዳይ። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንዳትመደብ አዋጁ በግልጽ ከልክሏል። አንዲት የሰነድ ሠራተኛ በሰባተኛ ወሯ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች። የሐኪም ወረቀት አቀረበች። የተሰጣት መልስ “እስኪ ተለዋወጡ” ነው። ተለዋወጥን። ወንድሞች ሌሊቱን ተካፈሉላት። ይህ በእኛ ደግነት የተሸፈነ የድርጅቱ ግዴታ ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ የሚሸፍን ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ጣቢያ አለ።

ስለ ሥራ ቦታው። የቀድሞው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው ከተማው መሐል ነበር፤ ወይም ከተማው በጣቢያው ዙሪያ በቀለ። በቆላው መስመር ላይ ለሚመደብ ሠራተኛ ኩባንያው መኖሪያ ይሠራ ነበር። ቤቶቹ ዛሬም ድሬዳዋ ላይ ይታያሉ። ጡረታ የወጡ አባቶች ሲያጫውቱን የምንቀናው በዚህ ነው። ያ ኩባንያ ገነት ነበር እያልን አይደለም። ገነት ቢሆንማ ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬዳዋ ላይ ማኅበር ባላቋቋሙ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ከመውጣቱ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በፊት መሆኑ ነው። ቢያንስ ግን ሰውን በረሃ ሲልኩት የት ያድራል ብለው አስበዋል።

አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ለሐዲዱ አቅጣጫ እንደዚያ ይሻል ይሆናል፤ የእኛ ሙያ ስላልሆነ አንከራከርም። ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከጣቢያ ወደ ከተማ የሚወስድ ታክሲ የለም። ባጃጁ የሚጠይቀው የቀን ሒሳቡን እጥፍ ነው። ኮንትራት ካልያዝክ አይንቀሳቀስም። ሰርቪሱ ለኦፕሬሽን ሠራተኞች ነው ይባላል። ቦታ ካለ እንሳፈራለን። ከሌለ እንቆማለን። አንዲት ሴት ሠራተኛ ሰርቪሱ ትቷት ከሄደ በኋላ እስኪነጋ የቢሮው ጠረጴዛ ላይ አድራለች። ይህ በሪፖርት ላይ የለም። ሪፖርቱ ላይ “ፈረቃ በሰላም ተጠናቋል” ነው የሚለው።

በቆላው ጣቢያዎች ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚነካበት ወር ኤሲ የሚሠራው በመሣሪያ ክፍሉ ብቻ ነው። ማሽኑ እንዳይበላሽ። እውነት ነው፤ መሣሪያው ውድ ነው። እኛም በእረፍት ሰዓታችን እዚያ ክፍል በር ላይ እየሄድን እንቆማለን። የእኛ ቢሮ ያለው የጣሪያ ማራገቢያ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለሲግናሉ ይነሳል። የቢሮው ሶኬት በዚያ መስመር ላይ ስላልገባ ሰነዱን በስልክ መብራት እንጽፋለን። ውኃ በጀሪካን የሚመጣበት ጣቢያ አለ። መጸዳጃ ቤቱ ለተሳፋሪ ክፍት፣ ለሠራተኛ ቁልፍ የሆነበትም አለ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቅነው ሁሉ ሳቀብን እንጂ አልመለሰልንም።

የጽሕፈት መሣሪያውን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር። ቀለም የሌለው ፕሪንተር። የፎቶ ኮፒ ከኪስ። የጭነት ሰነዱን ፎቶ አንስተን ለቀጣዩ ጣቢያ በቴሌግራም የምንልከው በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን ዳታ ነው። ስልኩ ቢሰበር የሚተካልን የለም። ድርጅቱ ዲጂታል ሆኗል ተብሎ በመድረክ ሲነገር ዲጂታሉን የሚከፍለው ማን እንደሆነም ቢነገር ደስ ይለን ነበር።

እድገትና ውክልና። የጣቢያ ጽሕፈት ክፍል ኃላፊነትን በደብዳቤ ተወክለው የያዙ፣ ግን የውክልና አበል ያልተከፈላቸው አሉ። ደብዳቤው “ለጊዜው” ይላል፤ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ አይልም። በማታ ተምረው ዲግሪ የያዙ አሉ። ማስረጃቸውን አስገቡ፤ ፋይላቸው ውስጥ ገባ፤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ክፍት የሥራ መደብ ሲወጣ በውጭ ማስታወቂያ ሰው ይቀጠራል። አዲሱ ሰው ሲመጣ ሥራውን የምናሳየው እኛ ነን። አሳይተንም ደመወዙ ከእኛ ይበልጣል። በእሱ አንቀየምም፤ ሥራ ፈልጎ ነው የመጣው። ኮንትራታቸው በየጊዜው እየታደሰ የሚሠሩት ቲኬት ሻጮች ደግሞ ከእኛም የባሰባቸው ናቸው። አንድ ቀን ቢታመሙ ኮንትራቱ እንዳይታደስ ይፈራሉ።

የዓመት ፈቃድም የይስሙላ ሆኗል። በአንቀጽ 77 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የተጠራቀመ ፈቃድ ያለው ብዙ ነው፤ የሚወጣ ግን ጥቂት። የሚተካ የለም የሚለው ምክንያት ከሁሉም ጥያቄያችን ፊት ይመጣል። ሰው ከሌለ ይቀጠር። የሰው እጥረቱን በእኛ እረፍት፣ በእኛ ትርፍ ሰዓትና በነፍሰ ጡሯ ሌሊት መሸፈን መፍትሔ አይሆንም።

ክቡራን፤ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ “ድጋፍ ሰጪ” የምትለዋ መስመር ትታረም። የበረሃና የፈረቃ አበል በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ፈረቃ ለሚሠራ ሁሉ ይከፈል። የትራንስፖርት ድጎማውም እንዲሁ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህ አይዘግይብን።

የተመዘገበና በኃላፊ የተፈረመ ትርፍ ሰዓት እንደ አዋጁ ይከፈል፤ ያልተከፈለውም መዝገቡ ታይቶ ይመለስ። ለቲኬት ሻጮች የገንዘብ ያዥ መጠባበቂያ አበል ይፈቀድ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደምናደርግ በጽሑፍ መመሪያ ይሰጠን። ከሲሶ በላይ ደመወዝ የተቆረጠባቸው ገንዘባቸው ይመለስላቸው። የባንክ ገቢ በጥበቃና በድርጅቱ መኪና ይሁን። ነፍሰ ጡር ሠራተኞች ከሌሊት ፈረቃ እንዲወጡ ለጣቢያ ኃላፊዎች ደብዳቤ ይጻፍ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ነገውኑ ሊሆን ይችላል። ሰርቪስ ላይ የመሳፈር መብታችን ከማንም ጋር እኩል ይሁን። በቆላው ጣቢያዎች የሠራተኛ ማደሪያ ይታሰብ። የቢሮው ሶኬት ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኝ።

የደመወዝ ስኬሉ ጥናት ሲደረግ ከጽሕፈት ሠራተኞች የተወከለ ሰው በኮሚቴው ይቀመጥ። እስካሁን ስለ እኛ ሥራ የተጠየቁት አለቆቻችን ናቸው። እነሱ ደግሞ ሌሊት ጣቢያ አያድሩም።

አንዳንዱ ጥያቄ ገንዘብ እንደሚፈልግና ባንድ ቀን እንደማይሆን እናውቃለን። የማይሆነው ከነምክንያቱ ይነገረን። የሚሆነው ከነቀኑ ይነገረን። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ በግልባጭ፣ ማስተካከያው በተለጠፈባቸው በእነዚያው ሰሌዳዎች ላይ ለጥፉልን። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ “እየታየ ነው” የሚለውን መልስ በተደጋጋሚ ሰምተነዋል። አዋጁ የሚፈቅዳቸውን የአቤቱታ መንገዶች፣ ከማኅበራችን እስከ ሥራ ክርክር ችሎት ድረስ፣ እንደ ሕጉ ተከትለን እንደምንሄድባቸውም ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ስማችንና ፊርማችን ለማኅበሩ በሰጠነው ቅጂ ላይ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

የጣቢያ፣ የቲኬት ሽያጭና የጭነት ሰነድ የጽሕፈት ሠራተኞች
በወኪልነት የጻፈው፦ የጭነት ሰነድ ክፍል ተረኛ ሠራተኛ